ሁለቱ የተጣበቁ ገጾች

ሻለቃው መኪናቸውን ወደ ጋራዡ ያመጧት በወታደር ካሚዮን አስጎትተው ነው። ያን ቀን ለባለቤቴ ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ነጭ፣ ዝቅ ያለች፣ የጃፓን ሥሪት መኪና ነበረች፤ በሐረር እንደሷ ያለች ሌላ አልነበረችም። ሻለቃው ከካሚዮኑ ጋቢና ወርደው ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና፣

«ይህን ሞተር ታውቀዋለህ?» አሉት።

ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ እንዳጎነበሰ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አላውቀውም ጌታዬ» አላቸው።

«ታውቀዋለህ» አሉ ሻለቃው። ከኋላ መቀመጫ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንሥተው ሞተሩ ላይ አስቀመጡለትና ሄዱ።

ጋራዡ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ አውቶቡሶች የሚቆሙበትን ሜዳ አልፎ ነበር። ባለቤቴ ከአንድ አረጋዊ የሐረሪ ሰው ጋር በሽርክና ይሠራበታል፤ ግቢውና አሮጌው ካሚዮን የሽማግሌው፣ ሥራው የባለቤቴ። እኔ ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ መምህርት ነበርኩ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እሱ የሐረር ተወላጅ ነው፤ አያቱ ከንጉሡ ጦር ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነበር፤ ገና አፏን የፈታች ሴት ልጅ ነበረችን። ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ነው፤ መጨረሻ መሆኑን ግን ማናችንም አናውቅም።

ስለ ሻለቃው የማይወራ ነገር አልነበረም። ሹፌራቸው መኪና ከግንብ ጋር ቢያጋጭ ወር ሙሉ አሳስረውታል ይባላል። ከእሱ በፊት የነበረው ደግሞ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። የፈራ ሰው ስለሚፈራው ሰው የሰማውን ሁሉ ያምናል።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ መጽሐፉን አልጋው ላይ አኖረልኝና፣ «አንብቢልኝ» አለኝ።

እሱ ሙያውን የተማረው ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ ሐረር ከቀረ አንድ ጣሊያን ነው። የመሣሪያዎቹን ስም በጣሊያንኛ ይጠራል፤ ጣሊያንኛ ሲጻፍም በመጠኑ ያነባል። እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን እንጂ ቃሉን አያውቅም። መጽሐፉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው።

በዚያ ሞተር ውስጥ ፒስተን የለም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነገር የለም። በምትኩ ጎኖቹ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ልክ እንደ ትልቅ ሳምቡሳ፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት በመሰለ ክፍል ውስጥ ይሽከረከራል። መጽሐፉ ሮተር ይለዋል። ሁለት ሮተሮች ጎን ለጎን አሉ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ጫፍ ላይ ጠባብ ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ቆሞ ይገባል። ባለቤቴ «ምላጩ» ይለው ነበር። ምላጩ የክፍሉን ግድግዳ እየዳሰሰ እየዞረ ፍንዳታው ወደ ሌላ ጎን እንዳያመልጥ ይይዛል። ቦዩ ተበልቶ ከሰፋ ምላጩ ይወዛወዛል። የሚወዛወዝ ምላጭ አንድ ቀን ይሰበራል። ስብርባሪው በሮተሩና በግድግዳው መካከል ከገባ ደግሞ ሞተሩ በሩጫ ላይ እንዳለ ቀጥ ሊል ይችላል።

ይህን አሁን እንደ ውኃ አወርደዋለሁ። ያኔ ግን የሞተር እንግሊዝኛ እኔ ከማስተምረው እንግሊዝኛ ጋር ዘመድ እንኳ አይመስልም ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ጋራዡ እሄዳለሁ፤ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፤ እሱ ይፈታል። መጽሐፉ ከእኛ በፊት ያለፈበት እጅ ዘይት ነክሮት ነበርና ገጾቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። በጥፍሬ እየለያየሁ እገልጣለሁ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በትዳራችን ውስጥ እሱ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው ለእሱ አይጠቅመውም። አሁን ግን አንድ ብሎን ከማላላቱ በፊት ቀና ብሎ አፌን ያያል። ሽማግሌው ሸሪኩ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «ማሻአላህ፣ ጋራዡ መድረሳ ሆነ» ይሉናል። ሦስታችንም እንስቃለን።

ሮተሮቹ ወጥተው በቤንዚን ከታጠቡ በኋላ የሚለኩበት ቀን መጣ። ባለቤቴ ከጣሊያኑ የቀሩለትን ስስ የብረት ቅጠሎች አወጣ፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ውፍረቱ ተቀርጿል። ሻለቃው ከላኩልን አዳዲስ ምላጮች አንዱን ቦዩ ውስጥ ታስገባለህ፣ በጎኑ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ትሞክራለህ፣ የገባው ቅጠል ክፍተቱን ይነግርሃል። ስድስት ማዕዘኖች ነበሩ። አምስቱ ጠበብ ያሉ ናቸው። በስድስተኛው ላይ የሠላሳ መቶኛ ሚሊሜትር ቅጠል ገባ።

ባለቤቴ ምላጩን በጥፍሩ ነካ አደረገው። እንደሚነቀል የሕፃን ጥርስ ወዲያና ወዲህ አለ።

«ይሄ ልክ አይመስለኝም» አለ። «መጽሐፉ ምን ይላል?»

በገጹ ግርጌ፣ «በቦዩና በምላጩ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ክፍተቱ» ብሎ ያልቃል። ገለጥኩ። በሚቀጥለው ገጽ ራስ ላይ፣ «ከአርባ መቶኛ ሚሊሜትር ከበለጠ ይለወጥ» ይላል።

«እስከ አርባ ይፈቅዳል» አልኩት።

«አርባ?»

«አርባ።»

እንደገና በጥፍሩ ነካው። «ብረት እንዲህ ተላልቶ ይሠራል ብዬ አላምንም።»

«ሞተሩን የሠሩት ሰዎች የጻፉት ነው እኮ» አልኩት። በመጠኑም ቆጣ አልኩ መሰለኝ። ከአንድ ሳምንት በፊት የማያውቀውን ሞተር በእኔ አፍ እየሠራ፣ አሁን በእኔ አፍ ላይ መጠራጠሩ ከነከነኝ። እሱም የያዘውን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እንግዲህ መጽሐፉ ካለ» አለና ሮተሩን መለሰው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ እንደሌላ ሞተር አያንኳኳም፤ እንደ ንብ ቀፎ «እምም» የሚል ረጅም ድምፅ ነበር። ሻለቃው መጡ፣ ቁልቁል እስከ አውቶቡሱ ሜዳ ነድተው ተመለሱ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ፣ «ነገ ጠዋት እናቴን ድሬዳዋ አወርዳለሁ። ዓይናቸውን ሊታከሙ በአውሮፕላን ይሄዳሉ» አሉ። ባለቤቴ እጅ ነሣ። መጽሐፉን ሳይወስዱት ቀሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት የለም። እኛ የምንኖረው በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ በጁገል ውስጥ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ብዙ በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከአንዲት የሐረሪ ሴት በተከራየነው ክፍል ነው። ባለቤቴ በማለዳ ወጥቷል። እኔ መጽሐፉን ለሻለቃው ከመመለሴ በፊት ላጽዳው ብዬ ጨርቅ በላምባ ነክሬ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ሽፋኑን ጠረግኩ። ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ ዳር ዳራቸውን። መሀል ስደርስ አንዱ ወረቀት ከሌሎቹ የወፈረ መሰለኝ። ላምባው ሲገባበት ጫፉ ተላቀቀ። በጥፍሬ ሳብኩት፤ ለሁለት ተከፈለ።

በመካከሉ አንብቤ የማላውቃቸው ሁለት ገጾች ነበሩ።

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። «ክፍተቱ ከአሥራ አምስት መቶኛ ሚሊሜትር ከበለጠ ሮተሩ ይለወጥ» ይላል። ከሥሩም ቦዩ ሲሰፋ ምን እንደሚከተል ተጽፏል፤ ስለ ምላጭ መሰበር፣ ስለ ሞተር መያዝ። እኔ ያነበብኩለት አርባ፣ ሁለት ገጽ አልፎ ስለ ሌላ፣ በሮተሩ ጎን ላይ ስለሚገባ ቀጭን ብረት የሚናገር ነበር።

ሠላሳ። አምስት መቶኛም አሥር መቶኛም አይደለም ያለፍነው፤ እጥፉን ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።  ደንገጎን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ቆላ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል። ከዚያ ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁና ሰዓት ለመገመት ሞከርኩ።

አከራያችን ልጄን አቅፈው ሲያዩኝ፣ «ያ ረቢ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ እኮ አመድ መሰለ» አሉ።

«ልጅቱን ይያዙልኝ» አልኳቸውና መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ።

በጊደር መጋላ የእህል ጆንያ የተሸከሙ አህዮችን እየገፋሁ ሮጥኩ። አንዲት መምህርት በነጠላ እንደዚያ ስትሮጥ ሰው ቆሞ ያያል፤ ተማሪዎቼም አይተውኝ ይሆናል። በሸዋ በር ስወጣ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር። ባለቤቴን ከአንድ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። እግሩን ይዤ ሳብኩት። ገጹን አሳየሁት፤ እንግሊዝኛውን ባያውቅም ቁጥሩን ማንበብ ይችላል።

አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ «የካሚዮኑን ቁልፍ» አለ።

ሽማግሌው ምንም ሳይጠይቁ ሰጡት። «ቢስሚላህ ብላችሁ ውጡ» አሉን።

ወደ ሻለቃው ቤት ሄድን። ዘበኛው፣ «ከወጡ ግማሽ ሰዓት አለፋቸው። እናታቸውም አብረዋቸው አሉ» አለን።

ያን አሮጌ ካሚዮን ባለቤቴ እንደዚያ ሲነዳው አይቼ አላውቅም። በየጉድጓዱ ስንዘል ጭንቅላቴ ከጣሪያው ይጋጫል። አወዳይ ስንደርስ መንገዱ በጫት ነጋዴዎችና በቅርጫት ተሞልቶ ነበር፤ እጁን ከጡሩንባው ሳያነሣ እየነፋ አለፈ። እኔ በየመታጠፊያው ከፊታችን ምን እንደማይ ፈርቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከዚያ አለማየት ይብስብኝና እገልጣለሁ። ማሽላው በሁለቱም በኩል ደርሷል። ሰዎች ያጭዳሉ፣ ይከምራሉ፣ ይሳሳቃሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልኩት።

«ዝም በይ» አለኝ። «ገና ማንም አልሞተም።»

ዓለማያ ሐይቅ ዳር አገኘናቸው። ነጯ መኪና ከመንገዱ ወጣ ብላ ቆማለች። አልተሰበረችም። እናትየዋ የመኪና ጉዞ አጥወልውሏቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻለቃው ጎንበስ ብለው በሐይቁ ውኃ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

ባለቤቴ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ከዚህ በኋላ አይንዷት» አላቸው።

ሻለቃው እኔን፣ ካሚዮኑን፣ ከዚያ እሱን አዩ። «ምን ሆናችሁ ነው?»

«አንድ ልኬት ተሳስቻለሁ። ከሮተሮቹ አንዱ ተበልቷል። መለወጥ ነበረበት።»

«እሱ አልተሳሳተም» አልኩ። ድምፄ ከሌላ ሰው የወጣ መሰለኝ። «መጽሐፉን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ ተጣብቆ ዘለልኩት። እሱ ልክ አይደለም ብሎኝ ነበር።»

«አንቺ ማነሽ?»

«ባለቤቱ ነኝ ጌታዬ።»

ገጹን ላሳያቸው ከፈትኩ። አላዩትም። ወደ መኪናው ገብተው ሞተሩን አስነሡ። ያው የንብ ቀፎ ድምፅ፣ ጥርት ያለ።

«ይኸው» አሉ። «ከሐረር እስከዚህ አንድ ጊዜ አላስነጠሰችም። ፈርታችሁ ነው።»

«አዎ፣ ፈርተን ነው» አለ ባለቤቴ።

እናትየዋ ከተቀመጡበት፣ «ልጄ» አሉ። ቀጭን፣ ነጭ የለበሱ፣ ዓይኖቻቸው በሞራ የተሸፈኑ ሴት ነበሩ። «እነዚህ ሰዎች ከከተማ ድረስ ያሳደዱህ ሊሸልሙህ አይደለም። እኔ በዚህች መኪና አልገባም።»

«እማዬ፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅዎትም።»

«በእነሱ ካሚዮን እሄዳለሁ። አንተም ና።»

ሻለቃው መኪናቸውን ሜዳ ላይ ጥለው በጭነት መኪና ሊገቡ አልፈለጉም። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ በመንገዱ ላይ ገበሬዎች ቆመው ያዩን ነበርና ይመስለኛል። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ አስረዳቸው።

«ድምፁ ከተለወጠ ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይርገጡ፤ ጎማውን ከሞተሩ ያላቅቀዋል። ሞተሩ ከቆመ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይከብድብዎታል፤ ግን አለ፤ በሙሉ ኃይልዎ ይርገጡት። በገደሉ በኩል አይሂዱ። ተራራውን ይጠጉ።»

«መንዳት ልታስተምረኝ ነው?» አሉት። ግን ሲናገር አላቋረጡትም።

እናትየዋን በእኔና በባለቤቴ መካከል አስቀመጥናቸው። ነጯ መኪና ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ተጓዝን። ሻለቃው እናታቸው ያሉበትን ካሚዮን ላለመራቅ ይሁን ወይም የባለቤቴ ቃል ገብቷቸው፣ ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት። የደጋው ጫፍ ላይ ደርሰን መንገዱ ወደ ታች ሲያጎነብስ፣ ሞቅ ያለው የቆላ አየር በመስኮቱ ገባ። አሮጊቷ እጄን ያዙ።

«እኔ አላይም» አሉ። «ምን እንደምታዪ ንገሪኝ።»

«ደህና ናቸው እማማ። አንደኛውን መታጠፊያ አለፉ።»

«እሺ።»

«አሁን ቀጥታ መንገድ ላይ ናቸው። ተራራውን ተጠግተዋል።»

«እሺ።»

«ሁለተኛውን ያዙ። አለፉ። ከፊታቸው አንድ አውቶቡስ እየወጣ ነው። አሳለፉት።»

ስንት መታጠፊያ እንደነገርኳቸው አላስታውስም።  እጃቸው ቀላልና ደረቅ ነበር፤ የእኔ ግን በላብ ርሷል። አንድ ቦታ ላይ ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ሠላሳውም ይበቃ ይሆናል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ እንዲያውም እግዚአብሔርን በልቤ ማመስገን ጀመርኩ።

ከዚያ ነጯ መኪና ጭስ ተፋች። በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ከካሚዮኑ ሞተር በላይ ተሰማ። የኋላ ጎማዎቿ በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ፤ ወገቧ ወደ ገደሉ ተሽከረከረ።

ዝም አልኩ።

«ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ።

መመለስ አልቻልኩም።  መኪናዋ ወደ ጎን ሆና ተንሸራተተች፣ የገደሉ ዳር ያለውን ድንጋይ በጭራዋ መታችው፣ ድንጋዩ ወደ ታች ሄደ። ከዚያ ጎማዎቹ እንደገና መዞር ጀመሩ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጠውት ነው። አፍንጫዋ ወደ ተራራው ዞረ። በመንገዱ ዳር ያለውን የጎርፍ ቦይ ዘላ ከአፈሩ ጋር ተላተመች፤ አቧራው ሸፈናት።

«ልጄ፣ ለምን ዝም አልሽ?» አሮጊቷ እጄን ይነቀንቁ ነበር። «ሞቷል በይኝ። ዝም አትበይኝ።»

ባለቤቴ ካሚዮኑን ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ አቁሞ ሲሮጥ፣ እኔ ከእሳቸው ጋር ቀረሁ። «ቆማለች» ማለት የቻልኩት ያኔ ነው። «ተራራው ላይ ቆማለች እማማ። ወደ ገደሉ አልሄደችም።» አቧራው ሲነሣ የባለቤቴ ጀርባ በመኪናዋ በር ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይታየኝ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ፣ ሻለቃው መሪውን እንደጨበጡ መልቀቅ አቅቷቸው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀላቸው እሱ ነው። ግንባራቸው ተፈንክቷል። ሌላ ጉዳት አልነበራቸውም።

አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው። እናታቸውን እየመራሁ ስቀርብ ጉልበቶቻቸው እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። በሁለት እጃቸው ሊያቆሟቸው ሞከሩ፤ አልቆም አሏቸው። ቀና ሲሉ እያየኋቸው ደረሱብኝ። ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አሉ፤ እናታቸው ፊታቸውን በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር። «እኔ ነኝ። ደህና ነኝ።»

ወደ ድሬዳዋ የወረድነው በካሚዮኑ ነው። ሻለቃው ከኋላ፣ የጭነቱ ቦታ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። አውሮፕላኑ አምልጧል፤ እናትየዋ በማግሥቱ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ከመንገዱ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። መኪናዋ ተጎትታ ተመለሰች። ባለቤቴ ማንም ሳያዘው ሞተሩን ከፈተ። ስድስተኛው ማዕዘን ላይ ያለው ምላጭ ሦስት ቦታ ተሰብሯል፤ አንዱ ስባሪ ግድግዳውን አርሶ ሮተሩን ይዞታል። ስባሪዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተ። «ሲጠይቁን የምናሳየው ይኑር» አለ። እኔ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የወታደር ጫማ ኮሽታ በሰማሁ ቁጥር ጠመኔው ይሰበርብኛል።

በስምንተኛው ቀን ወታደር መጣ። «ሻለቃ ይፈልጓችኋል። ሁለታችሁንም። መጽሐፉንም ያዙ» አለ።

ልጄን ለአከራያችን ስሰጥ የክፍሉንም ቁልፍ አብሬ ሰጠሁ። ለምን እንደሰጠኋቸው ሳይጠይቁኝ፣ «አላህ ይጠብቃችሁ» ብለው ተቀበሉኝ።

ሻለቃው ግንባራቸው በፋሻ ታስሮ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ነበር። አላስቀመጡንም። «ገጹን አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ፤ ተረጎምኩ። «የዘለልሽው የቱን ነው?» አሉ። የተጣበቁትን ገጾች፣ ከላምባው የቀረውን ቡናማ ክብ አሳየሁ። በጣታቸው ዳሰሱት።

ከዚያ ባለቤቴን ውጭ እንዲጠብቅ አዘዙት። እሱ አልወጣም። «ውጣ ነው ያልኩህ፤ አልበላትም» አሉት፤ ያኔ ወጣ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው።

ሻለቃው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያ መንገድ ላይ ያየሽውን ለማን ነገርሽ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ስለ መኪናዋ መሰለኝ። ከዚያ እጆቻቸውን አየሁ፤ ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ሆነው እንዳደረጉት ጉልበታቸውን ይዘው ነበር።

«ለማንም» አልኩ።

«ለባልሽስ?»

«እሱ እራሱ አይቷል ጌታዬ። እኛ ግን ስለዚያ አናወራም።»

 ከዚያ በፊት የምፈራቸው እንደ ትልቅ ሹም ነበር፤ ያኔ ግን እሳቸውም እኔን እንደሚፈሩ ገባኝ። ይህ አላጽናናኝም። የሚፈራሽ ሰው ሥልጣን ካለው ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም በሩ ድረስ እንዴት እንደምሄድ ማስላት ጀምሬ ነበር።

«ካሚዮናችሁ ባይኖር እናቴ ከጎኔ ነበር የሚቀመጡት» አሉ በመጨረሻ። «በዚያ በኩል ነው የተመታው።» ተነሥተው በሩን ከፈቱና ባለቤቴን፣ «ሮተሩንና ግድግዳውን አስመጣለሁ። አንተ ትሠራዋለህ። መጽሐፉን ግን ሁለት ሰው ያንብበው» አሉት። ይቅርታም ምስጋናም አልነበረበትም። ወደ ቤት ስንመለስ ሸዋ በር ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ግንቡን ተደግፎ ቆመና አስታወከ።

ዕቃዎቹ እስኪመጡ ብዙ ወራት አለፉ። በመካከሉ እናትየዋ አንድ ዓይናቸው በርቶላቸው ተመለሱ። አንድ ቀን አንድ ወታደር እየመራቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ግቢው ውስጥ ፊቴን ወደ ፀሐዩ አዙረው ተመለከቱኝና፣ «እንዲህ ቀጭን ነሽ እንዴ? በድምፅሽ ወፍራም ሴት ነበርሽ» አሉኝ። ከዚያም፣ «ያን ጊዜ ዝም ስትዪ ከዓይኔ መታወር ይልቅ ያ ጨለመብኝ» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ዝም ማለትሽ እውነት ነበር፤ ውሸት ብትነግሪኝ ኖሮ ነው የምቀየምሽ» አሉ።

ሁለተኛውን ጊዜ መጽሐፉን ከእኔ ጋር ያነበቡልን አንድ የሒሳብ መምህር ናቸው። እያንዳንዱን ገጽ ቁጥሩን ጮክ ብለን እየጠራን ገለጥን። ስድስቱም ማዕዘኖች ከአሥር መቶኛ በታች ሆኑ። ባለቤቴ ግን መኪናዋን ከማስረከቡ በፊት ደንገጎን ራሱ ሊወርድባት ወሰነ።

«ብቻህን?» አልኩት።

«ብቻዬን።»

ቤት ተቀምጬ መጠበቅን አሰብኩ፤ አልቻልኩም። ጠዋት ከእሱ ቀድሜ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አይቶኝ ሞተሩን አስነሣ። ዓለማያን አለፍን፣ የደጋው ጫፍ ላይ ደረስን፣ መንገዱ አጎነበሰ። በአፈሩ ላይ የድሮው ጭረት ገና ነበር፤ ስናልፈው ሁለታችንም ወደዚያ አላየንም። ሞተሩ ያለ እክል ይሠራል፤ እኔ ድምፁን እያዳመጥኩ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር። በየቁጥሩ መካከል ያለው ዝምታ ረጅም ነበር። ቁልቁለቱ አልቆ የድሬዳዋ ሙቀት በመስኮቱ ሲገባ ባለቤቴ መንገድ ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ፤ ሁለታችንም ሳንወርድ ብዙ ጊዜ ተቀመጥን። ከዚያ በዚያው መንገድ መመለስ እንዳለብን ትዝ አለኝ።